የማይነሳው ቤት

እኛ ዘንድ ገረሴ ቤት ሲያረጅ አይፈርስም፤ ይነሳል። ምስጥ የቀርከሃውን እግር ሲበላው ጎረቤት ይጠራና፣ እየዘፈነ ተሸክሞ ደህና መሬት ላይ ያሳርፈዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጎረቤቴ በርናባስ ግን አርክቴክቸር ተምሮ መጣና ይህን ናቀ።

«ጋሽ ጌታነህ፣ የእኔ ቤት የሰው ትከሻ አይፈልግም» አለኝ፣ ያውም ፊት ለፊት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን ማየት አስጠላኝ።

ለዓመታት ለፋ። ቀርከሃውን በጭስ አጠነከረው፤ እግሩን በብረት አስሮ ኮንክሪት ውስጥ ቀበረው። ምስጥ ዝር አላለበትም። ቤቱ ያምር ነበር፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። በመጨረሻ ከአርባ ምንጭ ባለሙያዎች ሰኞ መጥተው ሊያዩለት ሆነ። ከወደዱት በዞኑ ሁሉ እንደሱ ሊሠራ ነው። ሚስቱ ልክነሽ በደስታ የምትሆነውን አጣች።

እሑድ ዶፍ ጣለ። ከቤቱ በላይ ያለው ተዳፋት ተሰነጠቀ። ልክነሽ «ናዳ!» ብላ ስትጮኽ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቤቱን ከበን «ሆ!» ብለን ልናነሳው ብንታገል ንቅንቅ አላለም።

«መጋዝ አምጡ» አልኩ።

በርናባስ እግሬ ላይ ወደቀ። «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! የላይኛው አፈር ብቻ ነው የተሰነጠቀው፤ አይወርድም። እግሩ ከተቆረጠ ነገ ምኑን ያዩልኛል?»

«ኢንጅነር፣ ናዳው ካንተ ጋር ተማክሯል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በርናባስ ወደ ሚስቱ ዞረ። ልክነሽ «ይቁረጡት» አለች። ቀርከሃውን አንድ በአንድ እኔው ገዘገዝኩት። ቤቱንም እየዘፈንን ተሸክመን ታች ሜዳው ላይ አስቀመጥነው።

ሰኞ ባለሙያዎቹ የኮንክሪት ጉቶና ጉቶው ላይ የተቀመጠ ሰው አገኙ። ቤቱን ታች ወርደው አዩት፤ እንደማንኛችንም ቤት ጭቃ ላይ ቆሟል። አንደኛው ወደ ስንጥቁ ወጥቶ በእንጨት ቆፈር ቆፈር አደረገው።

«የላይኛው አፈር ነው እኮ፤ አይወርድም። ማነው ቁረጡ ያላችሁ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እኛ ምን እናውቃለን፣ ጌታዬ? ያልተማርን ነን» አልኩ።

ባለሙያው ከንፈሩን መጠጠ። ቤቱን ኮንክሪቱ ላይ እንደቆመ ሳያዩ ምንም ሊወስኑ እንደማይችሉ ለበርናባስ ነግረውት ወደ መኪናቸው ገቡ። በርናባስ ከጉቶው አልተነሳም። ጠጋ ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት።

«አይዞህ ልጄ፣ ሌላ ትሠራለህ። እኛ እንደሆን የትም አንሄድም» አልኩት።