ናፍጣ የጠጣ ፓስፖርት

ስርጉት ሣጥኑን እንደገና ገለበጠችው። የእናቷ የጥበብ ቀሚስ፣ የራሷ የምረቃ ጋዋን፣ የሟች አባቷ ጋቢ ወለሉ ላይ ተዘረገፉ። ፓስፖርቷ ግን የለም። በማግስቱ ማለዳ በእጀባ ከሚወጡት መኪኖች በአንዱ ተሳፍራ ጎንደር መድረስ፣ ከዚያም አዲስ አበባ መግባት አለባት። ቅዳሜ የእንግሊዝኛ ፈተና አላት። ያለ ፓስፖርት ደግሞ ወደ መፈተኛው ክፍል የሚያስገባት የለም።

«እማዬ፣ ይህን ሣጥን ማን ነካው?»

ወይዘሮ አሰበች በሩ ላይ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ። ቀና አላሉም።

«እኔ ምን አውቄ?»

ስርጉት እናቷን ታውቃቸዋለች። ሲዋሹ እጃቸው ይፈጥናል። አሁንም ማሽላውን የሚለቅሙት ዶሮ እንደሚጭር ነው።

«እማዬ።»

«ወንድምሽን ጠይቂው» አሉ በመጨረሻ። «እኔን በእናንተ መሐል አታግቡኝ።»

ስርጉት መተማ ዮሐንስ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ እንድትማር ዩኒቨርሲቲው ተቀብሏታል፤ የቀራት የእንግሊዝኛ ችሎታዋን በፈተና ማረጋገጥ ብቻ ነው። ለዚህ ስትል ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታለች። ቀን ስታዋልድ ትውላለች፤ ከሥራ ስትወጣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ሩፊዳ ቤት ትሄዳለች።

ሩፊዳ ኻርቱም ውስጥ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ታስተምር የነበረች ሴት ናት። ጦርነቱ ሲነሳ በገላባት በኩል ድንበሩን ተሻግራ መጣች፤ አሁን የምትኖረው ጉምሩኩ ጀርባ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። ደጃፏ ላይ በሰሌን የተሸፈነ ራኩባ አለ፤ ሁለቱ የሚያጠኑት እዚያ ጥላ ሥር ነው። ስርጉት ድንበር ላይ ያደገች ናትና ዐረብኛ አይቸግራትም፤ በዐረብኛ «ኡስታዛ»፣ መምህርት፣ ነው የምትላት።

ኡስታዛ ሩፊዳ ቁጡ ናት። በተለይ ሽምደዳ ካየች አበቃ። አንድ ቀን ስርጉት ስለ ከተማዋ እንድትናገር ስትጠየቅ፣ ከመጽሐፍ የሸመደደችውን ሳትተነፍስ አወረደችው፤ ከተማዬ በሙዚየሞቿና በመናፈሻዎቿ ትታወቃለች አለች።

«ኸላስ፣ በቃ!» አለች ሩፊዳ። «መተማ ውስጥ ሙዚየም የት አለ? ነይ ውሰጂኝ። እኔም መጎብኘት አምሮኛል።»

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው የሚለው፣ ኡስታዛ።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው አርባ አምስት ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ምጥ ይዞት አያውቅም። ከራስሽ አፍ አውጪ።»

ይህ ሁሉ ድካም አሁን ባዶ ሣጥን ላይ ቆመ። ስርጉት ነጠላዋን አገልድማ ወጣችና ወደ ኮኪት በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈረች።

ወንድሟ ባየልኝ ኮኪት አጠገብ ባለው እርሻቸው ሰሊጥ ያሳጭዳል። አባታቸው ሲሞት ስርጉት ገና ፊደል አልለየችም ነበር፤ ያሳደጋትና ያስተማራት እሱ ነው። እሷም እንደ አባት «ጋሼ» ትለዋለች፤ አንቱ ብላ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም። ስትደርስ ከትራክተሩ አጠገብ ቆሞ ከጎጃምና ከወሎ ለመጡት የጉልበት ሠራተኞች ውኃ ያድላል። አያትና ጣሳውን አስቀመጠ። የመጣችበት እንደገባው ፊቱ ላይ አነበበች።

«ፓስፖርቴ የታለ፣ ጋሼ?»

«ተረጋጊ። ነይ ጥላ ውስጥ እንነጋገር።»

«እዚሁ ይንገሩኝ። የታለ?»

ባየልኝ የራስ ጥምጥሙን ፈቶ ፊቱን ጠረገ። «እኔ ጋ ነው። መንገዱ እስኪሻለው እኔ ጋ ይቆይ። ፈተና በየወሩ አለ፤ እህት ግን የለኝም ሌላ።»

«ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?» ድምፁ ወፈረ። «ደረበን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሁላችሁም ሬሳው መጣ ስትሉ ለቅሶ ተቀመጣችሁ። ከጫካ ውስጥ ፈልጌ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፊቱን እንድታዪ አልፈቀድሁም። ስለዚህ አታውቂም።»

ደረበ የአጎታቸው ልጅ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ታጣቂዎች መንገድ ላይ ከመኪና አውርደው ወሰዱት። ስርጉት ሐዘኑ እንደ አዲስ ተሰማት። ግን ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ያ የተሰማት ሐዘን ሁሉ ወደ እሳት ተለወጠ።

«እሑድ ቤት መጥተህ ነበር» አለች። «ከእማዬ ጋር ምሳ በላን። ስትወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ "በርቺ፣ ታልፊያለሽ" አልኸኝ። ያን ጊዜ ፓስፖርቴ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

ባየልኝ ጥምጥሙን መልሶ ጠመጠመ። የሚያጭዱት ሰዎች ቀና ብለው ያያሉ። አንድ ሸምገል ያሉ ወሎዬ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ «ኧረ ልጄ፣ ታላቅሽ አይደል እንዴ? አንቱ በዪ እንጂ» አሏት በለሆሳስ።

«እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ፣ አባባ» አለች ዓይኗን ከወንድሟ ላይ ሳትነቅል። «ፈራሁ ብለህ ብትነግረኝ፣ እግሬ ላይ ወድቀህ ብትለምነኝ፣ ማን ያውቃል፣ እቀር ነበር። አንተ ግን ሰረቅኸኝ። እንደ ጥጃ በረት ዘጋህብኝ። በዚህ መንገድ በየሳምንቱ የሚመላለሰው ማን ነው? አንተ አይደለህም? ለሰሊጥህ ሲሆን መንገዱ ይሻለዋል?»

«አንተ አልሽኝ?» አለ ባየልኝ። የተጎዳው ከሁሉም በላይ በዚህች ቃል ይመስል ነበር።

«አዎ። ፓስፖርቴን አምጣ።»

ወደ ትራክተሩ ሄዶ መቀመጫው ሥር ያለውን የመፍቻ ሣጥን ከፈተ። ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ሲመለስ በእጁ የያዘው ጥቁር ፌስታል ይንጠባጠባል። ሣጥኑ ውስጥ የነበረችው የናፍጣ ጠርሙስ ክዳኗ ላልቶ ኖሮ፣ ፓስፖርቱ እስኪበቃው ጠጥቷል። ገጾቹ አብጠው ተጣብቀዋል። ፎቶዋ ያለበት ገጽ ተላልጦ፣ ፊቷ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል።

«ጠቅልዬው ነበር እኮ» አለ። «እህቴ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ...»

ስርጉት ተቀበለችው። መሳደብ ፈለገች፤ የሚመጥን ስድብ አጣች። ጀርባዋን ሰጥታው በታሰሩት የሰሊጥ ነዶዎች መካከል ወደ መንገዱ ሄደች። ተከትሎ ጠራት። አልዞረችም።

ሩፊዳ አላጽናናቻትም። ፓስፖርቱን ተቀብላ አገላበጠችው፤ አሸተተችው፤ ራኩባው ሥር በነበረችው በርጩማ ላይ አስቀመጠችው።

«ተቀመጪ። የሆነውን በእንግሊዝኛ ንገሪኝ።»

«አሁን? አሁን ምን ያደርግልኛል?»

«አሁን።»

ስርጉት መጀመሪያ የተናገረችው ሩፊዳን ለማናደድ ነው። ከዚያ ግን ቃሉ ራሱ እየጎተታት ሄደ። ስለ ሣጥኑ፣ ስለ እናቷ እጅ፣ ስለ እሑዱ ምሳ፣ ስለ ደረበ፣ እጇን እያወናጨፈች ተናገረች። ቃል ሲጠፋት በሌላ እየዞረች አለፈች። ስትጨርስ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይመታል።

ሩፊዳ አንድ የኃላፊ ጊዜ ግሥ አረመቻት። ሌላ ስህተት አላገኘችባትም።

«የምትፈልጊው ቋንቋ ይኸው፤ አፍሽ ውስጥ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ሱዳን በሚያሻግረው ድልድይ በኩል እያየች ቀጠለች። «እኔን ደግሞ ልንገርሽ። ባለፈው ወር ውጭ አገር ላለ ኮሌጅ ለማስተማር አመለከትሁ። መልስ መጣልኝ፤ እንግሊዝኛ መቻልሽን በፈተና አረጋግጪ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ያንኑ ፈተና ሳስተምር ኖሬ። ፓስፖርቴ ደግሞ ኡምዱርማን ቤታችን ውስጥ ተቃጥሏል። እኔ ሣጥን የምገለብጥበት ቤት እንኳ የለኝም፣ ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ። ያንቺው ጊዜው ይዘገያል እንጂ ይታደሳል። ተቆጪ፤ ቁጣሽን ግን ሥራ አስይዢው።»

ስርጉት በዚያው ሳምንት ከእናቷ ቤት ልብሷን አውጥታ ከሩፊዳ ጋር መኖር ጀመረች። ወይዘሮ አሰበች አለቀሱ፤ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ «ለደኅንነትሽ ብሎ ነው» አሏት። «ለደኅንነቴ ብሎ ዋሸኝ» አለቻቸውና ሸኘቻቸው። አዲሱ ፓስፖርት እስኪመጣ በጋው አለቀ። ዩኒቨርሲቲው ቦታዋን ለሚቀጥለው ዓመት አሻገረላት። እሷም በየቀኑ ጻፈች፤ ሩፊዳ ያለ ርኅራኄ ሰረዘች።

ግንቦት ላይ አዲስ የፈተና ቀን ስትይዝ ባየልኝ ሩፊዳ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። ከስቷል።

«አብሬሽ ልሂድ» አለ። «አላስቀርሽም። አብሬሽ ብቻ ልሂድ።»

ስርጉት የምትጽፍበትን ደብተር ዘጋች። «ና። እንዳታናግረኝ ግን።»

አላናገራትም። በመንገዱ መሐል የታጠቁ ሰዎች መኪናውን አስቁመው ሁሉንም ሲያስወርዱ፣ ባየልኝ ሳይጠየቅ ከፊቷ ቆመ። መታወቂያውን ሲያወጣ ከእጁ ወደቀበት። መታወቂያ አይተው አሳለፏቸው። ስርጉት ፍርሃቱ እውነት እንደነበር ያን ጊዜ በዓይኗ አየች፤ ይህ ግን ቁጣዋን አላበረደውም። ይህን ያህል የሚወዳት ሰው እንደ ሌባ ሣጥኗን መክፈቱ እንዲያውም የባሰ አንገበገባት።

ፈተናውን ተፈተነች። የንግግሩ ፈታኝ አንዲት እርጋታ ያላት ሴት ነበረች፤ ሰዓቱ ሞልቶ እስክታቋርጣት ድረስ ስርጉት አላቆመችም። ውጤቱ ሲመጣ ከሚያስፈልጋት በላይ ሆነ። ሩፊዳ ዕልል አላለችም፤ «ጽሑፉ ግን ይሻሻላል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

ልትሄድ ስትል፣ ሻንጣዋን እያስተካከለች ሳለ፣ ወይዘሮ አሰበች መጡ። «ይቅር በዪው፣ ልጄ። ባገር ሳለሽ ይቅር በዪው።»

«አልጠላሁትም፣ እማዬ» አለች ስርጉት ልብሷን እያጠፈች። «ይቅርታውን ግን ገና አላገኘሁትም። ሲመጣ እኔው ራሴ ደውዬ እነግረዋለሁ።»