ያልተከፈተው ስፖንዳ

ሱፊያን በጠዋት ካልተሳደበ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ ከተስፋልደት ባትላሜራ ቤት ፊት ለፊት ጎማና ባትሪ የሚሸጠው ይህ ሰውዬ፣ አረንጓዴውን የሱቁን በር ከፍቶ ገና ወንበሩን ሳያወጣ «አንተ ቀጥቃጭ! ያ ልጅህ ሽቶዬን ከጅቡቲ መቼ ነው የሚያመጣልኝ?» ብሎ ካልጮኸ ቀኑ የጀመረ አይመስለውም። የተስፋልደት ልጅ ክፍሎም የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ ጅቡቲ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ቀልዱ ተለውጦ አያውቅም። ሽቶውም መጥቶ አያውቅም።

ዛሬ ሱፊያን በሩን ከፈተ፣ ወንበሩን አወጣ፣ ከዚያ ሁለት ዳቦና አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ መንገዱን ተሻገረ።

«ብላ እስቲ» አለው። ስለ ሽቶው አላነሳም።

ተስፋልደት ዳቦውን ተቀበለ እንጂ አልጣመውም። ክፍሎም ከሰኞ ጀምሮ ስልኩን አያነሳም። ያ መስመር ኔትወርክ እንደሌለው ያውቃል፤ ልጁ ጠፍቶ ጠፍቶ «አባዬ፣ በረሃ ላይ ነበርኩ እኮ» እያለ የሚደውልበት ጊዜ ብዙ ነው። ለሚስቱ ለአክበረትም በየማታው ይህንኑ ይነግራታል። ለእሷ ሲነግራት እሱም ያምነዋል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ደግሞ ደጋግሞ ይደውላል።

በዚያ ላይ ጠዋት አቶ መርሻን አይቷቸዋል። አቶ መርሻ የሰፈራቸው የእድር ዳኛ ናቸው፤ ከሠራተኛ ሰፈር እስከዚህ ድረስ ምን እንዳወረዳቸው እንጃ። ከሱፊያን ሱቅ ወጡ፣ ተስፋልደትን በዓይናቸው ጫፍ አዩት፣ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ላይ ነጎዱ። ሰው መንገድ ላይ አቁመው የከብቱን ደህንነት ሳይቀር ካልጠየቁ የማይለቁ ሰውዬ! ተስፋልደት «ቸኩለው ነው» አለ ለራሱ። መስማት የማይፈልገውን ነገር ለራሱ ሲያስረዳ ሰው ሁሉ ጠበቃ ነው።

ረፋድ ላይ ለአክበረት ደወለ። ያነሳችው ጎረቤታቸው ሀኒፋ ነች።

«አክበረትስ?»

«አለች ጋሼ፣ ልብስ እያጠበች ነው። ስልኩን ልጄ ጨዋታ ልታይበት ወስዳባት ነው እኔ ጋ ያለው።»

«ክፍሎም ከደወለ ቶሎ ንገሩኝ።»

የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው። አልተቋረጠም።

«እሺ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። ድምጿ ታፍኗል።

«ጉንፋን ይዞሽ ነው?»

«አዎ፣ ጉንፋን ነው» ብላ ዘጋችው።

ፒክአፑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌ ነጭ መኪና ነች። የጭነቱ ክፍል ከላይ በላሜራ ተሸፍኗል፤ ስለዚህ የኋላው ስፖንዳ ካልወረደ ምንም አይወጣም፣ ምንም አይገባም። ስፖንዳው ደግሞ በቀኝ በኩል ተጨራምቶ፣ በግራ በኩል እንዳኮረፈ ልጅ ከንፈር ወጣ ብሏል። ሹፌሩ የሲን ይባላል፤ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ አፉ የማይዘጋ ጎልማሳ ነው።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይገላግሉኝ። ነገ ሳይነጋ የሚደርስ ዕቃ ጭኜ ምኒልክ አደባባይ ጋ ወደ ኋላ ስመለስ ከምሰሶ ጋር ተሳሳምን። አሁን እጀታውን ስስበው ግራው ይለቃል፣ ቀኙ ሙጭጭ ይላል።»

ተስፋልደት ገና መልስ ሳይሰጥ ሱፊያን መንገዱን በሩጫ ተሻገረ። ታክሲ እንኳ ሲያመልጠው የማይሮጥ ሰው ነው። «ዛሬ አይሠራም! ሌላ ቦታ ሂድ!» ብሎ የሲንን በትከሻው ይዞ ወደ መኪናው ሊመልሰው ታገለ።

«ምን ሆነሃል አንተ?» ተስፋልደት ደሙ ፈላ። «ከመቼ ወዲህ ነው የኔን ሥራ አንተ የምትመልሰው?»

«ደክሞሃል ብዬ ነው እኮ…»

«ማን ነው የደከመው? ሂድና ጎማህን ሽጥ!»

ሱፊያን የሲንን ለቀቀው። ወደ ሱቁ ግን አልተመለሰም። እዚያው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ከስፖንዳው ላይ ሳይነቅል ቆመ። ነገረ ሥራው ተስፋልደትን አሳሰበው፤ ግን ሥራ ከመጣ ሥራ ነውና ካቻቢቴውን አነሳ።

ችግሩ ግልጽ ነው። መሀል ላይ ያለው እጀታ ሁለት ዘንጎችን ይስባል፤ የግራው የግራውን መቆለፊያ፣ የቀኙ የቀኙን ያላቅቃል። የቀኙ ዘንግ ተጣሟል። ውስጡን ፈትቶ ማየት ቢፈልግ የሚፈታው ከውስጥ በኩል ነው፤ ውስጡ ደግሞ ዕቃ ሞልቶታል። ስለዚህ እጀታውን ከውጭ ነቅሎ፣ በቀዳዳው ቆልማማ ሽቦ አስገብቶ ዘንጉን በዳበሳ መፈለግ ነው።

«ምን ጭነህ ነው?» አለ ሽቦውን እያጎበጠ።

«ድንኳን፣ ብረት፣ ወንበር፣ ምናምን። የእድር ዕቃ ነው።»

«የየትኛው እድር?»

«እኔ ምን አውቄ! ኪራይ ነኝ። የራሳቸው መኪና ተበላሽቶ በደላላ ነው የተጠራሁት። የዕቃ ቤቱ ጥበቃ ጫነልኝ፤ ቤቱን ነገ ሳይነጋ ደውለን እናሳይሃለን አሉኝ።» ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤቶቹ ገና አልሰሙም። ነገ ጎህ ሲቀድ ነው የሚያረዷቸው። ልጃቸው ነው አሉ።»

«እግዜር ያጽናቸው» አለ ተስፋልደት ከልቡ። «ይሄኔ እኮ አባትየው የሆነ ቦታ ሥራውን እየሠራ ነው።»

«ምንም ሳያውቅ» አለ የሲን።

ሱፊያን ፊቱን ወደ ድልድዩ አዞረ።

ተስፋልደት መርዶን ያውቀዋል። እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ከሽማግሌዎች ኋላ በድንግዝግዝ ተሰልፎ የሰው በር ላይ ቆሟል። ሰው የወለደውን በድንገት፣ በስልክ፣ በመንገድ ላይ አይረዳም፤ ሰፈር ሁሉ ሰምቶ ዝም ይላል፣ ስልክ ይደበቃል፣ አንድ ሌሊት በሰላም ያሳድሩታል። ጎህ ሲቀድ የሚያለቅስበት ሰው ይዘው፣ የሚቀመጥበት ድንኳን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ግን የመኪናው ስፖንዳ ግው ብሎ ወደቀና አንዲት እናት በሩ ሳይንኳኳ እየጮኸች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ያዘጋጁት ቃል ሁሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ። ያ ግውታ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም።

ሽቦው ዘንጉን ያዘ። «በጉልበትህ ግፋው» አለው የሲንን። «እንዲህ፣ ወደ ውስጥ። በል አሁን!»

ሳበ። ስፖንዳው ግው ብሎ ወረደ።

መጀመሪያ የድንኳኑ ሸራ ታየው፣ እሱ ምንም አይደለም፣ የድንኳን ሸራ ሁሉ አንድ ነው። ከሸራው ሥር የብረት አግዳሚዎች ተደርድረዋል። እግራቸው መሀል ላይ አግድም ዘንግ አላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ አግዳሚ ላይ እንዲህ ያለ ዘንግ የሚጨምር ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ልቅሶ ቤት ወፍራም ሰው ሲቀመጥባቸው እንዳይከፈቱ ብሎ በራሱ ጭንቅላት ያመጣው ነገር ነው። ቀለማቸው አረንጓዴ ነው። ቀና ብሎ የሱፊያንን በር አየ። ያው አረንጓዴ፣ የዚያው ጣሳ ትራፊ። ለእድሩ በነፃ የሠራቸው ቀን ቀለሙን የሰጠው ሱፊያን ነበር።

የራሱ እድር ነው።

እድራቸው ውስጥ ሰው ሲሞት ለአባሉ በሙሉ ይነገራል። ሌላ ጊዜ ለፋፊው በጡሩምባ ይዞራል፤ መርዶ ሲሆን ደግሞ ጆሮ ለጆሮ፣ በር ለበር ይነገራል። ማንም አይቀርም። አንድ ሰው ብቻ ይቀራል፣ ነገሩ የራሱ የሆነው ሰው። ለተስፋልደት ማንም አልነገረውም።

ዳቦው። የአቶ መርሻ ባርኔጣ። የሀኒፋ ጉንፋን። ያልተጠየቀው ሽቶ።

በስፖንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሲን ደስ ብሎት «ጎበዝ ጋሼ! ነቄ ነዎት እኮ!» ይላል። ሱፊያን ከግድግዳው ተላቆ አንድ እርምጃ ቀርቧል። ተስፋልደት ቢጠይቀው ይነግረዋል። «ክፍሎም ነው?» ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው። ያን ጊዜ ነገ ዛሬ ይሆናል። ጩኸቱ እሱ ሳይደርስ ሠራተኛ ሰፈር ይደርሳል፤ አክበረት ከነደም ግፊቷ፣ እጇ በሳሙና እንደተነከረ፣ ከልብስ ማጠቢያው ላይ ብቻዋን ትሰማዋለች። አንድ ሌሊት ነው የቀራት። ልጅ ያላት ሴት ሆና የምትተኛው አንድ ሌሊት።

«ሱፊያን» አለ።

«አቤት» አለ ሱፊያን። ለእሱ አቤት ብሎት አያውቅም።

«የተጣለ የውስጥ ጎማ የለህም?»

ሱፊያን ወደ ሱቁ ሄደ። ሲመለስ ጎማውን አቀርቅሮ ሰጠው፣ ዓይኑን አላሳየውም።

ተስፋልደት የስፖንዳውን የውስጥ ክዳን ፈታ። የተጣመመውን ዘንግ አውጥቶ በብረቱ ላይ አስተኛውና በመዶሻ ይቀጠቅጠው ጀመር። ዘንጉ ቶሎ ቀና፤ እሱ ግን አላቆመም። የተጨራመተውን ላሜራም መታው፣ አሁንም መታው። መዶሻው እስከጮኸ ድረስ ሌላው ነገር አይሰማም፤ እሱም «ልጄ፣ ልጄ፣ ክፍሎሜ» እያለ በመዶሻው ድምፅ ሥር አለቀሰ። የሲን ላብ መሰለው።

ከዚያ ፀጥ ያለው ሥራ ቀጠለ። ጎማውን በቀጭኑ ቆርጦ ስፖንዳው የሚያርፍበትን ጠርዝ ሁሉ ለበጠ። ማጠፊያዎቹን ግራሶ ሞላቸው። ብረት ከብረት ጋር በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ጎማ አደረገበት። ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ አሁንም ከፈተ። ትንሽ ኮሽታ ስትሰማው ያንኑ ቦታ ፈትቶ እንደገና ጀመረ።

«ጋሼ፣ ለድንኳን ነው እኮ» ብሎ ሳቀ የሲን። «ለሙሽራ አስመሰሉት።»

ተስፋልደት ክንዱን ያዘው። «ስማኝ። ነገ ስትደርስ በእጅህ ይዘህ ነው የምታወርደው። አትለቀውም። ብረቱንም አትወርውሩት፣ አንድ በአንድ አኑሩት። ገባህ?»

የሲን ሊቀልድ አስቦ የሰውዬውን ፊት አየና ተወው። «እሺ ጋሼ» አለ። መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ ሁለቴ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ተመለከተ።

ማታ ቤቱ ሲገባ አክበረት ራት አቅርባ ጠበቀችው። ግቢው ፀጥ ብሏል፤ የጎረቤት ሬዲዮ እንኳ አይሰማም። እጁን ብዙ ጊዜ ታጠበ።

«ወደይ ደወለልህ?» አለችው። ስለ ልጇ ስትጨነቅ የእናቷ ትግርኛ ነው የሚቀድማት።

«በረሃ ላይ ነው» አለ። «ኔትወርክ የለም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሷ ሲነግራት አላመነውም።

«ሲመጣ እንግዲህ የሱፊያንን ሽቶ እንዳይረሳ ንገረው። ስንት ዘመን ይለምን ሰውዬው!»

«እነግረዋለሁ።»

ጎረሰ። እንዲውጠው ውሃ ጠጣ። እሷ ስለ ሀኒፋ ልጅ አወራችው፣ ስልኩን ይዛባት እንደቀረች፣ የዛሬ ልጆች እንዲህ ናቸው እያለች ሳቀች። እሱም ሳቀ። በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ የከበደው ያ ሳቅ ነበር። ከዚያ ጋቢዋን ደርባ ተኛች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት፤ እሱ ትንፋሿን እያዳመጠ ጣሪያውን ሲያይ አደረ።

ጎህ ሲቀድ የመኪና ሞተር ከቅያሱ ጫፍ መጥቶ ጠፋ። የእግር ኮቴ ሰማ፣ ብዙ እግር፣ ቀስ የሚል። የአቶ መርሻን የታፈነ ሳል ለየው። አሁን ነው የሚከፍቱት ብሎ ትንፋሹን ያዘ፣ እጁን ወደ አክበረት ጆሮ አስጠጋ።

ምንም አልተሰማም። ስፖንዳው ወርዶ አረፈ፣ ብረቱ አንድ በአንድ መሬት ነካ፣ ከዚህ ሁሉ አንዲት ኮሽታ ወደ ቤቱ አልገባችም። አክበረት ወደ እሱ ዞራ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ እንደተኛች ናት።

በሩ ተንኳኳ። ተስፋልደት ለሁለተኛ ጊዜ እስኪንኳኳ ድረስ አልተነሳም።