ካንተ ሌላ የሚያውቀው የለም

ዱጋሳ ቀበና ወንዝ አጠገብ ባለ ማተሚያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። የሚያሠራው አሮጌ ማሽን ድምፁ ሲቀየር የትኛው ብሎን እንደላላ ያውቃል። ቅዳሜ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ እሱ ቀርቶ ማሽኑን ግራሶ ይቀባ ነበር፤ ያዘዘው ሰው የለም። ከሁለት ዓመት በፊት የቀድሞ ባልደረባው ሀሚድ፣ አያት ሰፈር አዲስ በተከፈተ ማተሚያ ቤት ጥሩ ሥራ አግኝቶለት ነበር፤ ዱጋሳ ግን እንደ ቤቴ የማየውን ማተሚያ ቤት ጥዬ የት እሄዳለሁ ብሎ እምቢ አለ። ሚስቱ ጂቱ ያን ሳምንት በቅጡ አላናገረችውም።

ዘንድሮ ቀበናም ዘመናዊ ማሽን ገባ። ለሥልጠና የሚላኩ ሦስት ሰዎች ስም ሲለጠፍ የእሱ የለበትም። ሥራ አስኪያጇን ወይዘሮ መቅደላዊትን ገብቶ ጠየቃቸው።

«አንተን ብልክ አሮጌውን ማን ያሠራዋል? ካንተ ሌላ የሚያውቀው የለም» አሉት። ያመሰገኑት መስሏቸው ነበር።

ዱጋሳ ወጣ። ያሰረው የገዛ ጉብዝናው እንደሆነ ገባው። ከዚያ ወዲያ ልክ በሰዓቱ ይገባል፣ ልክ በሰዓቱ ይወጣል። ግራሶውንም ተወው። አንድ ቀን ማሽኑ ቀለም መትፋት ሲጀምር አይቶ እንዳላየ አለፈ። ሦስት ሺህ የተማሪ መልመጃ መጽሐፍ ግማሹ ተጨማልቆ ወጣ።

የተበላሸውን ገጽ በገጽ የለየችው የጥረዛ ክፍሏ ሸዋረጋ ናት። ሁለት ቀን ጎንበስ ብላ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ወገቧን ይዛ ቀና አለችና፣

«ዱጋሳ፣ የበደሉህ እነሱ፤ የምለቅመው ግን እኔ» አለችው።

በባሕር ዛፉ መሐል ወደ እንጦጦ ቤቱ ሲወጣ በእነሱም በራሱም ተናደደ። በማግስቱ ማሽኑን ፈትቶ አጸዳ፤ ሸዋረጋንም ጠርቶ ያስተምራት ጀመር። በሁለት ወር ብቻዋን ማሠራት ቻለች። ያኔ ተመልሶ ወይዘሮ መቅደላዊት ዘንድ ገባ።

«አሁን ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ» አላቸው።

ደስ አላቸው። ሥልጠናው ግን አብቅቷል፣ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ አይታወቅም አሉት።

ለሀሚድ ደወለ። ያ ቦታ ከተያዘ ቆይቷል፤ ያለው የረዳትነት ሥራ ብቻ ነበር። ዱጋሳ እሱኑ ተቀበለ። ዛሬ በአርባ ሁለት ዓመቱ፣ ከእሱ ያነሰ እውቀት ባለው ልጅ እግር ኃላፊ ሥር ወረቀት ያቀብላል። በመልቀቁ አልተጸጸተም፤ መዘግየቱ ግን ያንገበግበዋል።