ነፋስ በድጓ ምልክት

ነፋስን ስሙን የሚጠይቀው የለም። ህሩይ ግን ሊማሊሞ አፋፍ ላይ እየተመላለሰ በተቀመጠባቸው ሰባት ወራት ለእያንዳንዱ የነፋስ ጠባይ ስም አውጥቶለት ነበር። ስሞቹን ያመጣቸው ከአባቱ ቤት ነው።

አባቱ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ጎንደር ውስጥ ድጓ ያስተምራሉ። ህሩይ አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላው ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ፣ ከቃላቱ በላይ የሚጻፉትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች አጥንቷል፤ የትኛው ድምፅን እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚያንቀጠቅጥ፣ የትኛው እንደሚያወርድ። ከዚያ ድጓውን ከመንገድ ትቶ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሄደ፤ ምህንድስና ተማረ። መሪጌታ አልተቆጡም። «ጆሮህን ግን ይዘኸው ሂድ» ብለው ብቻ አሰናበቱት።

አሁን አዘዞ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ ቤት ውስጥ፣ ህሩይ ከምስጢር ጋር አንዲት ትንሽ ድርጅት አለው። ምስጢር የኮምፒውተር ሰው ናት፤ ምላሷ ስል፣ እጇ ፈጣን። ሁለቱ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሰው አልባ አውሮፕላን ሲሠሩ ኖረዋል። ሞተር አላት፤ ሞተሯ ግን ለመነሣት ያህል ነው። ከተነሣች በኋላ አጥፍታው፣ እንደ አሞራ ነፋስ ላይ ተኝታ እንድትውል ነው የተሠራችው። ለአየር ኃይል የሚሆን ፈጠራ ላላቸው አነስተኛ ድርጅቶች በተዘጋጀው የምርምር ውድድር የመጀመሪያውን ዙር በወረቀት አልፈዋል። ሁለተኛው ዙር ወረቀት አይደለም። ሞተሯን ሳታስነሣ አንድ ሰዓት ገደሉ ላይ መቆየት አለባት። ካልቻለች ሦስቱ ዓመት እንደ ጉም በኖ መቅረቱ ነው።

የፈተናው ቀን ኅዳር ውስጥ አንድ ረቡዕ ሆነ። ጠዋት አፋፉ ላይ ሲደርሱ የአዲ አርቃይ ቆላ አይታይም ነበር፤ ከሥራቸው ነጭ ጉም ተኝቷል፤ ሾጣጣ ተራሮች ብቻ ከጉሙ ራሳቸውን አውጥተው በየተራ ይነቃሉ። የታጨደ የገብስ ማሳቸውን ለማስነሻ የፈቀዱላቸው እትዬ እናኑ ነጠላቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ገምጋሚው ኮሎኔል አስናቀው ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል።

«እዚህ ጋ ባዶ ነው» አሉ ኮሎኔሉ። «ነፋሱ የተለካበት መሣሪያ ይላል።»

ህሩይ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። «በኋላ እሞላዋለሁ።»

እንዴት ብሎ ይሙላው? የገዙት የነፋስ መለኪያ በመጀመሪያው ሳምንት ተሰብሯል። ከዚያ ወዲያ ህሩይ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ነው የከረመው። ደብተሩ ላይ የተራሮቹን መስመር ስሎ፣ ከመስመሩ በላይ ነፋሱን በዜማ ምልክት ጻፈ። ምስጢር ደግሞ ምልክቶቹን ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ ገለበጠቻቸው። ትርጉማቸውን አንድ ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ሊነግራት ጀምሮ ነበር፤ «ተወው፣ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል» ብላ አስቆመችው።

አራት ሰዓት ላይ አስነሧት። ከፍ አለች፤ ሞተሯ ጠፋ፤ ዓለምም አብሮ ዝም ያለ መሰለ። ነጭ ክንፏ በተራሮቹ መካከል እየተንሳፈፈ ሲሄድ፣ ህሩይ ራሱ እግሩ መሬት የለቀቀ መሰለው። በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ሦስተኛው ሾጣጣ ጋ ስትደርስ ግን አፍንጫዋን ቀና አደረገች፤ ነፋሱ ከሥሯ ሾለከ፤ ወደ ታች ሰመጠች። ምስጢር ሞተሩን አስነሥታ በጭንቅ መለሰቻት።

«ደንቡ ሁለት ሙከራ ይፈቅዳል» አሉ ኮሎኔሉ ሰዓታቸውን እያዩ። «ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና።»

«ክንፏ ከብዷል» አለች ምስጢር፣ ሞረድ እያነሣች። «ከጫፉ ልፋቀው።»

«ክንፏን አትንኪ። እዚያ ጋ ለምን ቀና አለች?»

«አንተ ስላልክ ነዋ!»

«እኔማ ድፋት ነው የጻፍኩት።»

«ጉብታ ነው የጻፍከው! ይኸው።» ደብተሩን ከፍታ ጣቷን ጎበጥ ባለች ትንሽ ምልክት ላይ አሳረፈች። «ጉብታ ማለት ነፋሱ ወደ ላይ ይነሣል ማለት ነው።»

ህሩይ ምልክቷን አየ፤ ምስጢርን አየ። «ምስጢር፣ ይቺ ጉብታ አይደለችም። የተደፋች ጽዋ ናት። ድፋት። እዚህ ሲደርሱ ድምፅ ይወርዳል።»

ምስጢር ሞረዱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እናንተ የደብተራ ልጆች! መውረድን አጉብጣችሁ ስትጽፉ ማን ሊያውቅባችሁ ነው?»

«ልንገርሽ ስል ሥዕሉ ይናገራል ያልሽው አንቺ።»

«ተናገረ እኮ! እንዲህ የሚዋሽ መሆኑን አላወቅሁም እንጂ።»

«ምነው ልጆች፣» አሉ እትዬ እናኑ ከድንጋያቸው ላይ፣ «ወፊቱ ሳትሞት በውርስ ተጣላችሁ?»

ደብተሩ ውስጥ አርባ አንድ ድፋት ተገኘ። ምስጢር አንድ በአንድ ታርም ጀመር። ኮሎኔሉ መጥተው አናቷ ላይ ሲቆሙ ህሩይ ሊደብቀው የነበረውን ሁሉ ተናገረ፤ መለኪያው መሰበሩን፣ በጆሮው ማዳመጡን፣ የአባቱን ምልክቶች። ኮሎኔሉ ቅጹን እንደገና አዩት።

«ባዶ የተውከው አፍረህ ነው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ከቆየች ትሞላዋለህ። ካልቆየች ባዶውን ይቅር።»

ሊሄዱ ሲሉ እትዬ እናኑ አስቆሟቸው። «አያ ኮሎኔል፣ ይቺ ወፍ ከዚያ ላይ ሆና ማንን ነው የምታየው?»

«የሚመጣውን፣ እናቴ።»

«እኛንስ?»

ኮሎኔሉ ወደ ገደሉ ተመለከቱ። «እናንተንም ታያለች።»

«እንግዲያው ሸጋ ዓይን ስጧት» አሉ እትዬ እናኑ።

ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና አስነሧት። ሦስተኛው ሾጣጣ ጋ ስትደርስ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ ሾለከች፤ ከማዶ እንደ ላባ ብድግ አለች። ምስጢር ሳታውቀው የህሩይን እጅጌ ይዛ ነበር። ሠላሳ ደቂቃ ሆነ፤ አርባ ሆነ። ህሩይ በልቡ ዜማውን ሲከተል፣ አውሮፕላኗም የምትከተለው ሲመስለው፣ ሰባት ወር ያዳመጠው ነፋስ መልክ አውጥቶ በፊቱ ይዞር ጀመር።

በአምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ነፋሱ ቆመ።

ሣሩ ቀጥ አለ። የእትዬ እናኑ ነጠላ ጫፍ ወደቀ። ደብተሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም፤ ህሩይ ሰባት ወር ሙሉ ድምፅን የሚያቆመውን፣ ቁርጥ የሚባለውን ምልክት አንድም ቀን አልተጠቀመም ነበር። አውሮፕላኗ ከገደሉ ሥር ገና ወዳልተገፈፈው ጉም ዝቅ ማለት ጀመረች።

«ሞተሩን ላስነሣ?» አለች ምስጢር።

ሞተሩ ከተነሣ ፈተናው አለቀ። ካልተነሣና ገደሉ ላይ ከተጋጨች ሌላ አውሮፕላን የላቸውም። ህሩይ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ጊዜ፣ ልጅ ሳለ፣ ቁርጡ ላይ ደርሶ ዜማው ያለቀ መስሎት መጽሐፉን ሊከድን ሲል አባቱ እጁን ይዘውታል። «አላለቀም» ብለውት ነበር፤ «መተንፈሻ ነው።»

«እጅሽን ከመቆጣጠሪያው አንሺ» አላት።

«ገደል ልትገባ ነው እኮ!»

«ትንሽ ቆዪ።»

እጇን አነሣች፤ በሕይወቷ እንዲህ የከበደ ነገር አንሥታ አታውቅም። ነጯ ክንፍ ጉሙ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ህሩይ በለሆሳስ አንድ የዜማ ቤት አዜመ፤ ቁርጡ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ትንፋሹን ሳበ።

መጀመሪያ የእትዬ እናኑ ነጠላ ተነቃነቀ። ከዚያ ሣሩ ጎንበስ አለ። ከዚያ ጉሙ ተከፍቶ ክንፏ ወጣች፤ ጠል የነካው ብርሃን ላይ እየተንጠለጠለች ከአፋፉ በላይ ከፍ አለች።

አንድ ሰዓቱ ሞልቶ አለፈ። ኮሎኔሉ በስድሳ አራተኛው ደቂቃ ቅጹን አምጥተው ህሩይ ጉልበት ላይ አኖሩለት። ህሩይ ባዶው ቦታ ላይ «ጆሮ» ብሎ ጻፈ።

«የየት አገር ሥሪት ነው?» አሉ ኮሎኔሉ ሳይስቁ።

«የጎንደር ነው። ከአባቴ ቤት።»

ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ፣ ከመስመሩ በላይ፣ ነፋሱ የቆመበት ቦታ ላይ አንዲት አዲስ ምልክት አኖረ። ምስጢር በትከሻው በኩል አጮልቃ አየች።

«ይቺስ ምንድን ናት? ዛሬ ሥዕሉን አላምነውም።»

«ቁርጥ።»

«አለቀ ማለት ነው?»

«ተንፍሺ ማለት ነው» አላት።