ፀሐይ ላይ የተሰጣ ሰማይ

ሚስማር የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ዕድሜውን ሙሉ የሥዕል ፍሬም ሲሠራ የኖረ ሰው ስለሆነ ሰፈርተኛው ስሙን ከሙያው ጋር አያይዞት ነበር፤ እሷ ግን ያወጣችለት ለግትርነቱ ነው። አንድ ሐሳብ ላይ ከተመታ በኋላ በጉጠትም አይነቀልም። ያም ሆኖ «ሚስማሬ» ስትለው ቃሉ ከአፏ ለስልሶ ይወጣ ነበርና ወላጆቹ ካወጡለት ስም አብልጦ ወደደው።

እሷ ሠዓሊ ነበረች። በዘይት ቀለም ተራራ፣ ወንዝ፣ ሜዳ ትሥላለች፤ እሱ ፍሬም ያበጅላታል። በዚያ ቤት ጠብ የሚባል ነገር ከነበረ በፀሐይ ምክንያት የሚነሳው ብቻ ነው። የአንድ ሥዕል ቀለም ሲነኩት እጅ ላይ መቅረቱን ካቆመ ሴትዮዋ ብድግ አድርጋ በረንዳ ላይ፣ ከታጠበው አንሶላ አጠገብ ታቆመዋለች። ሚስማር ደግሞ ከሥራ ሲመለስ ዘራፍ ብሎ ያስገባዋል።

«ፀሐይ እንጨት ትሰነጥቃለች፣ ጨርቅ ታነጣለች! ቀለምሽን ትምርልኛለች ብለሽ ነው?»

«ቀለሜን ለኔ ተውልኝ፤ አንተ እንጨትህን ጠብቅ» ትለዋለች። ዞር ሲል መልሳ ታወጣዋለች። ጎረቤቶቻቸው «ዛሬም ተራራው ተሰጥቷል» እየተባባሉ ይስቁባቸው ነበር።

እሷ ስትሞት ሚስማር ክርክሩን አሸነፈ። መልስ የሚሰጠው ስለሌለ ነው እንጂ ሌላ ማስረጃ አልነበረውም። የመጨረሻ ሥዕሏን ከግድግዳ አውርዶ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቀለለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ሸጎጠው። ከፀሐይና ከአቧራ ልጠብቀው ብዬ ነው ሲል ለራሱ ነገረው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ዓይኑ ሊያየው አልቻለም። ሌሎቹ ሥዕሎቿ በሕይወት ሳለች ተሸጠው በየሰው ሳሎን ተበትነዋል፤ ከእጇ የቀረው ይኸው አንዱ ነበር።

ሴት ልጃቸው ያኔ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። አድጋ እሷም ሠዓሊ ሆነች። ሙያውን ከመምህራን ተማረችው፤ የናቷ እጅ እንዴት እንደሚሄድ ግን አታውቅም። «አባዬ፣ የማዬን ሥዕል አሳየኝ» ባለችው ቁጥር «ደህና ቦታ ነው ያለው፣ ምን አስቸኮለሽ?» ይላታል። እሷም ሆድ ሲብሳት ጊዜ መጠየቋን ተወች።

እንዲህ እንዳሉ የሚስማር ጉልበት ደረጃ አልወጣም አለ። ልጁ ምድር ቤት ያለ ቤቷ ልትወስደው ዕቃውን ስታሰናዳ ቁምሳጥኑን ሳብ አደረገችው። ከጀርባው ብርድ ልብሱ ቁጭ ብሏል።

«ይሄ ነው?» አለችው።

ሚስማር አንገቱን ደፋ። አብረው ፈቱት።

ፈካ ያለ ሰማያዊ የነበረው ሰማይ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት መስሏል። ነጩ ደመና እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተራሮቹ ናቸው። ሴትዮዋ ተራራ ስትሥል የቅርቡን ታጠቁረዋለች፤ ወደኋላ በሄደች ቁጥር እያደበዘዘችና ሰማያዊ እየጨመረች፣ የመጨረሻው ጭስ እስኪመስል ድረስ ታርቀዋለች። አሁን ያ ሩቅ ተራራ የታመመ አረንጓዴ ሆኖ ወደፊት መጥቷል፤ ሥዕሉ ውስጥ አየር የሚባል ነገር ጠፍቷል።

ሚስማር ብርድ ልብሱን ከእጁ ጣለው። «ጠበቅኩት ብዬ ገደልኩት» አለና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

ልጁ ቤቷ ወስዳ የሥዕል ማቆሚያዋ ላይ አቆመችው። እንደዚያም ሆኖ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። አፍንጫዋ ሸራውን እስኪነካ ተጠግታ ታያለች።

«አባዬ፣ ና እየው እስኪ! መጀመሪያ ሸራውን በቀጭን ቡናማ ቀለም አጥባዋለች፤ ቡናማው ወንዙ ዳር ብቅ ብሏል። ይሄ ዛፍ ደግሞ... በቅጠሉ መሀል ሰማይ የሚያሳይ ቀዳዳ ትታለች። ቅጠሉን ጥቅጥቅ ካደረጉት እኮ ዛፉ ጥቅል ጎመን ይሆናል።»

«ወፎቼ በየት ይለፉ ትል ነበር» አለ ሚስማር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቃሏን ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው።

ልጅቷ ጣቷን ወደ ሩቁ ተራራ ጫፍ፣ ሰማይና ምድር ወደሚነካኩበት መስመር አስጠጋች። መስመሩ በብሩሽ አልተሠራም፤ በጣት ተጠርጎ ነው የለሰለሰው። የአውራ ጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ይሄ የሷ ነው?»

«የሷ ነው። ስትጨርስ ጣቷን በኔ ሽርጥ ነበር የምትጠርገው። ስንቱን ሽርጥ አበላሽታብኛለች መሰለሽ!» አለ።

ቢጫው በጥጥ ሲጠረግ አልለቅ አለ፤ ቆሻሻ ሳይሆን ከራሱ ከቀለሙ ውስጥ የመጣ ነው። ሚስማር ምግብ ቀረበለት አልቀረበለት ግድ ማጣት ጀመረ። ጠዋት ተነስቶ ሥዕሉ ፊት ይቀመጣል፣ ከዚያ ፊቱን አጨፍግጎ ይወጣል። በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ላይ ተመታ።

«አንቺም ሠዓሊ ነሽ። ሰማዩንና ሩቁን ተራራ እንደገና ቀቢልኝ።»

«አባዬ፣ የማዬ እጅ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል እኮ!»

«የሞተ ሰማይ ምን ያደርግልሻል? ባየሁት ቁጥር ጥፋቴን ይነግረኛል። እባክሽ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ሆኖ ትቼው አልሂድ።»

ሚስማር እባክሽ የሚል ሰው አልነበረም። ልጅቷ ስንት ዓመት ለምና ያገኘችው አሻራ በገዛ እጇ ሊሸፈን ነው። ቢሆንም አባቷ በቁሙ ሲያልቅ ከማየት ይሄ ይሻላል አለችና እሺ አለችው። እሺ ስትል ዓይኗ ከአሻራው እንዳልተነቀለ አየ፤ አይቶም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በማግስቱ ቀለሟን አዘጋጀች። ነጩን ከሰማያዊው ጋር በቢላዋ እያሸች ከላይ ለሚሆነው አጠቆረችው፣ ለታች ደግሞ አሳሳችውና መልኩ በጣም ቀዝቃዛ እንዳይመስል ቅንጣት ቀይ ጣል አደረገችበት። ሚስማር ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ብሩሹ ተነስቶ ወደ አሻራው ሲቃረብ ቀና ብሎ ማየት ከበደው።

ልክ ያኔ ደመናው ተገልጦ በመስኮቱ የገባ ብርሃን ሥዕሉ ላይ ዘፍ አለ። ሚስማር ጉልበቱን እየደገፈ ተነሳና መጋረጃውን ያዘ። የእጅ ልማድ ነው፤ ማሰብ አላስፈለገውም።

«እናትሽ ብትኖር ይሄኔ ትጮህብኝ ነበር» እያለ አጉረመረመ። «ዘይት ጨለማ ውስጥ ይታመማል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይድናል እያለች እኮ ነው ጆሮዬን ያደነቆረችው። አሁን ይሄም ወግ ሆኖ...»

ብሩሹ አየር ላይ ቆመ።

«ምን አለች?»

«ምኑ?»

«አሁን ያልከውን። ድገምልኝ።»

ሚስማር ደገመው። በዚህኛው ጊዜ ግን ቃሉን ራሱ ሰማው። ስንት ዓመት ሙሉ የሚስቱ እልህ የመሰለው ነገር ጆሮው ውስጥ ጥርት ብሎ ገባ። መጋረጃውን እንደያዘ ቀረ።

«አባዬ» አለች ልጁ ቀስ ብላ፣ «ክፈተው።»

ለማንም ሰው መጋረጃ መክፈት ምንም አይደለም። ለሚስማር ግን የትዳሩን ክርክር በሙሉ መልሶ ማስረከብ ነበር። ጨርቁን አንዴ ጨበጥ፣ አንዴ ለቀቅ አደረገ። ከዚያ እስከ ጥጉ ድረስ ገፈተረው።

ልጅቷ ያዘጋጀችውን ቀለም ጠርጋ ጣለች። አንድ ቁራጭ ወረቀት ከሰማዩ ጥግ ላይ አስቀምጣ በፍሬሙ ሰካችው፤ ለውጥ ካለ በዚያ ይታወቃል። ሥዕሉንም፣ የአባቷን ጉልበት እንዲያሞቅለት ብላ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት ባኖረችው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ለጊዜው አቆመችው።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ሚስማር «አልኩሽ» ለማለት አፉን ከፈት ያደርግና ይዘጋዋል፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መሸነፍን ሲመኝ ለራሱም ገረመው። ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ልጁ ወረቀቱን አነሳች። ከሥሩ ቢጫ ቁራጭ ወጣ። ዙሪያው ግን ሰማይ ነበር። ደመናው ነጥቷል፣ ሩቁ ተራራም ሸሽቶ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ልጅቷ አሻራው ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሚስማርም እንባው ቅርር ብሎ ወደ ጥጉ አመለከተ።

«በይ ያንን ወረቀት መልሰሽ እንዳታደርጊው። እሱም ብርሃን ይየው።»

በሌላ ቀን ልጅቷ ከገበያ ስትመለስ ሥዕሉ አሁንም ሞቃቱ ወንበር ላይ ነው። አባቷ ጥላው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያንን ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጓል። በሩ ሲከፈት አልሰማም። ወደ ሥዕሉ ዘንበል ብሎ በዝግታ ያወራል።

«እሺ» ይላል። «እሺ፣ አንቺ ነበርሽ ልክ። ይኸው አወጣሁሽ።»

ልጅቷ በመስኮቱ በኩል ቀስ ብላ ተጠጋች። ሚስማር ጥላዋን ሥዕሉ ላይ ሲያይ ደንግጦ ዞረ፤ ፊቱም ቀላ።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ። «ዞር በይ እንጂ፣ ፀሐይዋን ከለልሽባት!»