ስሙን የሚጠራ ከበሮ

የእህቴን የማርሊስን ልጅ ኮልቢን መጀመሪያ ሰላም የነሳው የትምህርት ቤቱ ከበሮ ነው። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ጀርባ ስለሆነ፣ የማርሽ ባንዱ ልጆች ከሰዓት በኋላ ሲለማመዱ ድምፁ እስከ ማድ ቤት ድረስ ይዘልቃል። እኛ ሃርላን ክሪክ በምትባለው በዚህች ትንሽ ከተማ ተወልደን ያደግን ሰዎች ከመልመዳችን የተነሳ ከነጭራሹ አንሰማውም። አንድ ቀን ራት ላይ ኮልቢ ሹካውን አስቀመጠና እናቱን፣ "ስሜን እየጠሩ ነው እኮ። አይሰማሽም?" አላት።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ልጅ እያለ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ "አክስቴ ኔዲን፣ ይቺ መኪናሽ በነዳጅ ነው በጸሎት የምትሄደው?" እያለ ያስቀኝ ነበር። ኮሌጁን አቋርጦ ከመጣ ወዲህ ግን ሳቁ ጠፋ። የክፍሉን መስኮት በፎይል ሸፈነው። ስልኩን ከአትክልቱ ሥር ቀበረው። ቀን እየተኛ፣ ሌሊቱን ፎቅ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ያድራል።

አባቱ ቨርን የጠጠር መኪና ሹፌር ነው፤ ደግ፣ ቃል የማያበዛ ሰው። ምድር ቤታቸው ባለው የብረት ካዝና ውስጥ ከአያቱ ጀምሮ የተወረሱ ጠመንጃዎች ነበሩት። በዚያው ዓመት ጸደይ፣ በሌላ ክፍለ ሀገር አንድ ሰው ገበያተኛው ላይ ተኩሶ ብዙ ሰው ከገደለ በኋላ፣ በየከተማው ስለ ጠመንጃ ሕግ ክርክር ተነስቶ ነበር። ቨርን በእኛ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ተነስቶ፣ "ጠመንጃ ብቻውን ተነስቶ ማንንም አይገድልም። ችግሩ በሽታው ነው። በሽተኛውን አክሙና የእኛን ተዉልን" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያን ቀን እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ማርሊስ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ክሊኒክ ስትደውል የአእምሮ ሐኪሙ ከትልቁ ከተማ የሚመጣው በወር አንዴ ነው፣ ተራው የሚደርሰው ከገና በኋላ ነው አሏት። ለሸሪፉ፣ ለአካባቢው የፖሊስ አዛዥ፣ ስትደውል ደግሞ አንድ ወጣት ምክትል መጣ። ኮልቢ ሸሚዙን አስተካክሎ ወረደ፤ ጨብጦት ውሃ እንዲጠጣ ጋበዘው። ምክትሉ ማርሊስን ወደ በረንዳ ወሰዳት።

"ሰው እገድላለሁ ብሎ ዝቷል?"

"አልዛተም።"

"ራሱንስ?"

"እሱንም አላለም። ግን ከበሮው ስሜን ይጠራል ይላል።"

"ወይዘሮ ማርሊስ፣ ከበሮ መስማት ወንጀል አይደለም። አንድ ነገር ካደረገ ይደውሉልን።"

"ካደረገ በኋላ ደውዬ ምን ልላችሁ ነው?"

ምክትሉ ባርኔጣውን አጥልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

በዚያ ሳምንት ራት ጋብዘውኝ ሄድኩ። ሳህን እያጠብኩ ሳለ ማርሊስ ባሏን፣ "እነዚያን ጠመንጃዎች ከቤቴ አውጣልኝ" አለችው።

"ልጄ እብድ አይደለም" አለ ቨርን። "ደክሞታል። በእሱ ዕድሜ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር።"

"አዳራሽ ቆመህ ችግሩ በሽታው ነው ያልከው አንተ አይደለህም? ይኸውልህ በሽታው፤ ፎቅ ላይ ነው። በል አክመው።"

ቨርን ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ከላይ የእግር ኮቴ ይሰማ ነበር። በማግስቱ ጠመንጃዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪናው ላይ ጫነና ለልጅነት ጓደኛው ለሮይስ ወሰዳቸው።

"ምን ሆነህ ነው?" አለው ሮይስ።

"ምድር ቤቱ ረጥቦብኝ። እስኪደርቅ አስቀምጥልኝ።"

ስለ ኮልቢ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። "ኩላሊቱን ቢያመው ኖሮ ሳልውል ሳላድር እነግረው ነበር" አለኝ ኋላ። "ጭንቅላቱን ነው ማለት ግን ከአፌ አልወጣ አለ።"

ከዚያ በኋላ ኮልቢ ጸጥ አለ። ጢሙን ተላጨ፤ ለእናቱ ዕቃ አጠበላት። ማርሊስ ደስ አላት። እኔን ግን ጸጥታው አላማረኝም። ሲያነጋግሩት ፊቱ ወደ ሰው ይዞራል እንጂ ጆሮው ሌላ ቦታ ነበር።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ሰልፍ ነበር። እኔና ማርሊስ ፋርማሲው ፊት ለፊት ተጣጣፊ ወንበሮቻችንን ዘርግተን ተቀመጥን። ፀሐይዋ ደስ ትላለች፤ ሕፃናቱ ከመኪና ላይ የሚወረወረውን ከረሜላ ይሻማሉ። ሮይስ የተጠበሰ በቆሎውን እየጋጠ መጣና ከጎናችን ቁጭ አለ።

"ኮልቢ ጠመንጃውን ሞከረው?" አላት ማርሊስን።

"የቱን ጠመንጃ?"

"የአያቱን ነዋ። ትናንት መጥቶ ወሰደው። የአጋዘን አደን ሊከፈት ስለሆነ ዒላማውን አስተካክልልኝ ብሎኛል አባዬ ነው ያለኝ። ጥይት እንኳ ከራሴ ጨመርኩለት።"

እህቴ ስልኳን አውጥታ ቤት ለቀረው ለባሏ ደወለችና፣ "ኮልቢ የአባትህን ጠመንጃ ይዟል" አለችው። ቨርን ሲሮጥ፣ በር ሲከፍት በስልኩ ይሰማ ነበር። ክፍሉ ባዶ ነው። ፒካፕ መኪናቸውም የለችም። እኔ የሸሪፉ ቢሮ ስደውል የመለሰችልኝ ሴትዮ፣ "ሁሉም ሰልፉ ላይ ናቸው፤ እነግራቸዋለሁ" አለችኝ።

ይህን ጊዜ ከመንገዱ ጫፍ ከበሮው ጀመረ።

"ኔዲን፣ ከበሮው" አለች ማርሊስ። ክንዷን ልይዝ ስል አመለጠችኝ። ጠመንጃ ብላ ብትጮህ ሕዝቡ እንደሚረጋገጥ፣ ግማሹም ከወገቡ ሽጉጥ መዝዞ ልጇን ሊፈልግ እንደሚሄድ ታውቃለች። ስለዚህ ሳትጮህ መሀል መንገድ ገብታ ባንዱ ፊት ቆመች። መሪው መምህር እጁን አነሳ፤ ከበሮው ተቋረጠ።

"እመቤት፣ ምነው? መንገዱን ይልቀቁልን እንጂ" አላት።

"አትምቱ። መለከቱን ንፉ፣ እንዳሻችሁ ሁኑ፤ ከበሮውን ብቻ አትምቱ። እባክህ ልጄ።"

"በጠራራ ፀሐይ ጠጥታለች እንዴ?" አለ ከኋላዬ አንዱ። ሰዉ ሳቀ። ስልኮች ለቀረጻ ተነሱ። እህቴ ሁለት እጆቿን ዘርግታ እንደቆመች ቀረች።

የቀረውን የነገረኝ ቨርን ነው። ወደ ከበሮው ድምፅ ሲሮጥ ፒካፗን ያገኛት ከከብት መኖ መደብሩ ጀርባ ነው፤ እዚያ በሁለት መጋዘኖች መካከል ዋናው መንገድ ወለል ብሎ ይታያል። ኮልቢ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አፈሙዙን አስደግፎበታል። ቨርን በወዲያኛው በር ገብቶ ጎኑ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"አባዬ፣ ውረድ።"

"ትንሽ ልቀመጥ። ጉልበቴን አሞኛል።"

"አሁንስ ይሰማሃል?"

ቨርን እንደ ወትሮው "ምንም ነገር የለም" ሊለው ነበር። ግን ተወው። "ስምህን ሲጠሩ አልሰማም" አለው። "አንተ ግን እንደምትሰማ አምናለሁ።"

ኮልቢ ዞሮ አየው። ከስንት ወር በኋላ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ከበሮው ቀጥ ያለው ያን ጊዜ ነው። ቨርን ማን እንዳስቆመው አላወቀም።

"አቆሙ" አለ ኮልቢ።

"አዎ። ሳይጀምሩ እንሂድ።"

"የት?"

"ሊያስቆሙልህ የሚችሉ ሰዎች ጋ።"

"ያስሩኛል?"

"ማንም አያስርህም። በገዛ ፈቃድህ ፈርመህ ነው የምትገባው። እኔም አጠገብህ ነኝ።"

ልጁ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሳበውና ለአባቱ ሰጠው። ቨርን ጥይቶቹን ሲያወጣ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሳይለቅማቸው ከልጁ ጋር ቦታ ተቀያይሮ መሪውን ይዞ ነዳ። ምክትሎቹ ፒካፗን ሲፈልጉ ቆይተው እዚያ ሲደርሱ የጎማ ምልክት ብቻ አገኙ። ሰልፉም ቀጥሎ ነበር።

በትልቁ ከተማ ያለው ሆስፒታል ጥቂት ቀን አስተኝቶት መድኃኒት ሰጠው፤ ከዚያ አልጋው ለሌላ ተፈለገና አሰናበተው። ያከመችው ሐኪም ዓይኗ በድካም የቀላ ሴት ነበረች። ቨርን፣ "ከአሁን በኋላ ጠመንጃ መግዛት ይችላል?" አላት።

"በፈቃዱ ስለገባ ሻጮቹ በሚያጣሩበት መዝገብ ላይ ስሙ የለም። ዳኛ አስገድዶት ቢሆን ሌላ ነበር።"

"ፈርመህ ግባ ብዬ የለመንኩት እኮ እኔ ነኝ" አለ ቨርን። ሐኪሟ ክንዱን ነካ አደረገችውና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄደች።

ሮይስ እውነቱን ሲሰማ መጥቶ ማድ ቤታቸው ተቀመጠ። "ጥይቱን እኮ በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት" እያለ ይደጋግማል። "ምናለ ብትነግረኝ፣ ቨርን? እኔ ባዳ ነኝ?" ማርሊስ መንገድ መሀል የቆመችበት ቪዲዮ በየስልኩ ዞሮ ነበር። የሚስቁባትን አይታ ዝም አለች፤ ምክንያቱን ብትናገር ልጇ በዚያች ከተማ ሰው ሆኖ መኖር እንደማይችል ታውቃለች።

በኅዳር አዳራሹ ውስጥ ያው ክርክር ተመልሶ መጣ። ቨርን ሲነሳ ሰዉ ለማጨብጨብ ተዘጋጅቶ ነበር።

"ባለፈው በሽተኛውን አክሙ ብዬ ነበር" አለ። "ሄጄ ጠየቅኩ። ተራ የሚገኘው ከገና በኋላ ነው አሉኝ። እስከዚያስ ምን ይሁን?"

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንዱ፣ "አንተም ጠመንጃችን ይነጠቅ ወደሚሉት ዞርክ?" አለው።

"ወደ ማንም አልዞርኩም። ጥያቄ ነው የጠየቅኩት" ብሎ ተቀመጠ።

በማግስቱ የከተማችን ጠመንጃ ሻጭ ጋ ሄዶ ለልጁ እንዳይሸጥለት ለመነው። ሰውዬው አልተከራከረም። "አንተ ካልክ አልሸጥለትም" አለው። "ግን በዚህ አውራ ጎዳና ላይ ስንት ሱቅ እንዳለ አታጣውም።"

የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ኮልቢ ነው። መድኃኒቱ አወፍሮታል፤ ካፖርቴን ተቀብሎ ሰቀለልኝ። "ግቢ አክስቴ፣ ብርዱ አያግኝሽ" አለኝና ደረጃውን ወጣ። ልቤ ትንሽ ረጋ። ቨርን ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ እያነበበ ነበር። ለሻዬ ወተት ላወጣ ፍሪጁን ስከፍት ውስጡ ጨለማ ነው። ወተቱ ሞቋል፤ ቅቤው ለስልሷል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ገመዱ ተነቅሎ፣ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል።

ማርሊስ መጥታ አየችው። "እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ነበር ኮልቢ፤ የፍሪጁ ድምፅ" አለች በሹክሹክታ። ወተቱን ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ከዚያ ተንበርክካ ገመዱን መልሳ ሰካችው።

ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ። ቨርን ጋዜጣውን አስቀመጠ። ፎቅ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል የነበረው ኮቴ ቀጥ አለ።