ሁለት ክር በአንድ ምስማር

ኑ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። ወንበሩ ካልበቃ ተጠጋግቶ መቀመጥ ነው፤ ከኋላ ያላችሁም ቀረብ በሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ነው። የሷ ነገር በተነሳ ቁጥር ልብ ይሞቃል።

“ባለቋጠሮዋ” ነበር የምትባለው። ለምን ቢሉ፣ ሜትር የሚባል ነገር በእጇ አትነካም። ደንበኛ ሲመጣ ከጥቅልሉ ክር ትመዝና ለትከሻው አንድ ቋጠሮ፣ ለክንዱ አንድ፣ ለደረቱ አንድ፣ ለወገቡ አንድ እያለች ትቋጥራለች። ከዚያ ክሩን ግድግዳው ላይ ትሰቅለዋለች። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ክር ነበር፤ የቱ የማን እንደሆነ የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ቁጥር አልተማረችም፤ ስፌቷ ግን ፍንክች አይልም።

አብራት የምትሠራው የባሏ ታናሽ እህት ነበረች። ሥራዋ የተሰፋውን በካውያ መተኮስ ነው። ወንድሟ፣ የባለቋጠሮዋ ባል ማለት ነው፣ ቀለም ቀቢና ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበር። “እህቴ ተኳሽ ናት፤ እስከ ዛሬ የጣለችው ግን ሸሚዝ ብቻ ነው” ይላል። ሚስቱንም አይምራትም። “የልብስ ሰፊ ባል ሆኜ ዕድሜ ልኬን በዚህ በተዥጎረጎረ ቱታ!” እያለ ያበሽቃታል። አንድ ቀን ታዲያ ነገሩ ገባትና ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ ገዛች፤ አቁማ ለካችው፣ ቋጠረች፣ ክሩን ከሁሉ በላይ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለችው።

በሳምንቱ ሰውየው ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወደቀ።

ዳሌው ተሰበረ። ስብራቱ ሳይጠገን ቁስሉ አመረቀዘ፤ ትኩሳቱም አልበርድ አለ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ሆነው፤ ያ ደንዳና ሰው ከሰውነት ወጣ። ሐኪሙ እህትየዋን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ፣ “የምንችለውን እያደረግን ነው፤ እናንተ ግን ለሁሉም ተዘጋጁ” አላት።

ተኳሿ ከዚያ ቀን ወዲህ ጸሎት እምቢ አላት። “አባታችን ሆይ” ብላ ትጀምርና መሐል ላይ ትተወዋለች። ባለቋጠሮዋ ግን ጠዋት ሆስፒታል ደርሳ፣ ባሏን አጥባና አገላብጣ ሥራ ትገባለች። የስፌት መኪናዋ ፊት ስትቀመጥ መዳፏን ጨርቁ ላይ አሳርፋ፣ “ጌታ ሆይ፣ የዛሬውን” ትላለች። ይኸው ነው ጸሎቷ። የነገውን አትጨምርበትም።

አንድ ጠዋት ተኳሿ ስትገባ ያ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ባለቋጠሮዋ የባሏን ክር አውርዳ በጠመኔ ታሰምራለች።

“እትዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?”

“የወንድምሽን ኮት ልቆርጥ።”

“በዚህ ክር?”

“ታዲያ በማን ክር ልቁረጥ? በጎረቤት?”

ተኳሿ አልሳቀችም። “በሞቴ እትዬ፣ ዐይንሽን አትጨፍኚ። እሱ እኮ አሁን የዚህ ግማሽ ነው።”

“ልኩ ይህ ነው።”

“ነበር በይ!”

ባለቋጠሮዋ መቀሱን አንስታ ኮቱንም ሱሪውንም በድሮው ልክ ቆረጠችው።

ተኳሿ በምሳ ሰዓት አንድ ክር መዝዛ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። ወንድሟ የተኛ መሰላት። ባለቋጠሮዋ ስታደርግ እንዳየችው ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ደረቱን ለክታ ቋጠረች። ክሩ ወገቡን ዞሮ ሲገናኝ የተረፈውን አይታ የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጠረች።

“አንቺ ተኳሽ” አለ ወንድሟ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ። “የምትለኪኝ ለሣጥን ነው ለልብስ?”

“ለልብስ ነው፣ ጋሼ” አለች። አፏ ላይ የመጣላትን ነበር ያለችው፤ ከወጣ በኋላ ግን እውነት እንዲሆን ከልቧ ተመኘች።

ተመልሳ ክሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። “ይኸውልሽ እውነቱ!”

ባለቋጠሮዋ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። ከድሮው ክር ጋር ጎን ለጎን ያዘቻቸው። ከዚያ ፊቷን በተቆረጠው ጨርቅ ላይ ደፍታ አለቀሰች። በሦስት ወር ውስጥ ተኳሿ እንባዋን ስታይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው።

“እኔ የማላውቅ መሰለሽ፣ እታለም? በየጠዋቱ የማጥበው እኔ አይደለሁም?”

“ታዲያ ለምን በዚያ ክር ቆረጥሽው?”

“ፈርቼ ነው። አሳንሼ ከቆረጥኩት፣ እግዚአብሔርን አላመንኩህም ያልኩት መሰለኝ።” ዐይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። “ለካ እግዚአብሔር እውነቱን አይፈራም። የፈራሁት እኔ ነኝ።”

“ቢሞትስ፣ እትዬ?” ተኳሿ ይህን ቃል ከአፏ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

“ቢሞት ይህንኑ ለብሶ ይሄዳል። ቢነሳም ይህንኑ ለብሶ ይነሳል። በሁለቱም መንገድ እጁን የሚይዘው ያው ጌታ ነው። ለኔ የተሰጠኝ መስፋት ነው።”

ከዚያ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ መዳፏን ጨርቁ ላይ አሳረፈች፤ የዛሬውን ለመነች፤ ሰፋች። የሰፋችው በአዲሱ ክር ልክ ነው። ትርፉን ግን አልቆረጠችውም። ሌላ ሰፊ ቢሆን አንድ ጣት ያህል ትቶ የቀረውን ይጥለዋል። እሷ አንዲት ቁራጭ ሳትጥል ሁሉንም ወደ ውስጥ አጥፋ በገበሩ ሸፈነችው። ሁለቱን ክሮችም በዚያው በላይኛው ምስማር ላይ አብራ ሰቀለቻቸው።

የመተኮሱ ተራ ሲደርስ ካውያው በየስፌቱ ላይ ይደናቀፍ ጀመር።

“ይህን ሁሉ ጨርቅ ውስጡ ሸሽገሽ ካውያው በየት ይለፍ? ትንሽ ቀንሺለት እንጂ!”

“አንቺ በርትተሽ ተኩሺ። የሱ ነው፤ አይቆረጥም።”

ተኳሿ ተጫነችው። እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት ሳታስበው፣ “ጌታ ሆይ፣ የዛሬውን” አለች። ጸሎቷ አጭር ናትና መሐል ላይ አልቀረችባትም።

ትኩሳቱ ወዲያው አልለቀቀውም። እነሱም በየቀኑ የዚያን ቀኑን ብቻ እየለመኑ ከረሙ። በአምስተኛው ወር ግን ሰውየው በክራንች ተደግፎ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱፉን ለብሶ ከሆስፒታሉ ደጅ ወጣ። ኮቱ ልክክ ብሎለታል። ጥቂት እንደተራመደ ቆመና ጎኑን ዳበሰ።

“አንቺ፣ ይህ ኮት ከኔ ይከብዳል እኮ! ውስጡ ሌላ ሰው አለ እንዴ?”

“አለ” አለች ሚስቱ። “ቀስ ብሎ ይወጣል።”

እንዳለችውም ሆነ። ሥጋ ባወጣ ቁጥር ስፌቱን ተርትራ አንድ ጣት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ጣት ትለቅለታለች። ተኳሿ የድሮውን የስፌት መስመር ለማጥፋት በካውያ ስትታገል፣ “ተይው፣ የመጣበት መንገድ ነው” ትላታለች። ሰውየው ዳግመኛ መወጣጫ ላይ አልወጣም፤ እያነከሰ በርና መስኮት እየቀባ ይኖራል፤ ቀልዱም አልተወውም። ወገቡ የድሮው ቋጠሮ ላይ ደርሷል። ትከሻው ግን አልደረሰም፤ ሁለት ጣት ቀርቶታል። ያቺ ሁለት ጣት ጨርቅ ዛሬም ገበሩ ውስጥ ታጥፋ አለች፤ ባለቋጠሮዋም እስከ ዛሬ አልቆረጠቻትም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ቀን ሲጠብባችሁ፣ ጸሎቱም መሐል ላይ ሲቀርባችሁ፣ ያቺን ገበር ውስጥ የታጠፈች ጨርቅ አደራ አስታውሱልኝ።